ከሞተሩ ሥር ያለችው ብሎን

ዲኖ በዕድሜው ብዙ ዋሽቷል። ሰበታ አውራ ጎዳና ዳር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ሳይዋሽ ይውላል ብሎ የሚያምን ካለ፣ ያ ሰው መለዋወጫ ገዝቶ አያውቅም። «ኦሪጅናል ነው» ይላል፣ «የቀረችን ይቺው ናት» ይላል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ እጁን ታጥቦ እራቱን ይበላል፤ እንቅልፉም አይጓደልም። ባለፈው ጥቅምት የዋሻት አንዲት ውሸት ግን ከሱቁ ውሸቶች ሁሉ የተለየች ነበረች። ለደግ የታሰበች፣ ሽማግሌዎች «ጎሽ የኔ ልጅ» ብለው የመረቋት ውሸት ናት። እንቅልፍ የነሳችውም እሷው ነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚስቱ የራቢአ ታናሽ ወንድም አክመል ሱሉልታ ላይ ሞተ። ወጣት ነው፤ ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም። አመሻሹ ላይ በአባቱ ጓሮ አሮጌ ቮልሱን በክሪክ አንስቶ ከሥሯ ተጋድሞ ሳለ መሬቱ ከዳው። የሱሉልታ ጥቁር አፈር ክረምቱ ከወጣ በኋላ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይሰነብታል። ክሪኩ ሰመጠ፣ መኪናዋም ደረቱ ላይ ወረደች። ጎረቤት ተጯጩሆ ደርሶ ቮልሷን በትከሻው አነሳት፤ ልጁ ግን አልተነሳም።

ስልኩ ሲጮህ ዲኖ ሱቁን ሊዘጋ ነበር። የነገሩትን ሰምቶ «የትኛው አክመል?» አለ። ደዋዩ ደገመለት። ዲኖም ደግሞ «የትኛው አክመል?» አለ፣ በቤተሰቡ ውስጥ አክመል የሚባል ሌላ ሰው ያለ ይመስል። ደጁ ላይ ከተቀመጡት ጎማዎች በአንዱ ላይ ዘጭ አለ። ጎማውን ያወቀው ከተቀመጠበት በኋላ ነው። በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት የአክመል ታላቅ ወንድም ከድሩ ተቀምጦበት ነበር። ወንድሙን በስልክ ስለ አንዲት የሞተር ብሎን ያስተማረው እዚህችው ጎማ ላይ ሆኖ ነው።

ከድሩ መካኒክ ነው፤ ጋራዡም ከዲኖ ሱቅ ጎን ነው። ከመኪና ሁሉ የሚወደው የድሮውን ቮልስ ነው። ራዲያተር የላትም፣ ውሃ አጠጡኝ አትልም፣ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ብቻ ነው እያለ ማውራት ሲጀምር ሰሚው ምሳው ይቀዘቅዝበታል። እናታቸው ስትሞት አክመል ገና ጡት የጣለ ሕፃን ነበር። ያሳደገውም፣ መሪ ያስጨበጠውም ከድሩ ነው። ሁለቱም ቮልስ ይነዳሉ፤ የታላቁ ነጭ፣ የታናሹ ሰማያዊ።

የአክመል ቮልስ ሞተሯ ሲግል የዘይት መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምራ ነበር። በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ዳገት ሲበዛበት ዘይቱ ይቀጥንና ግፊቱ ይወርዳል፤ ሲያረጅማ ይብስበታል። ከድሩ መድኃኒቱን በስልክ ሲነግረው ዲኖ ባንኮው ላይ ተደግፎ ይሰማ ነበር። ከሞተሩ ሥር በግራ በኩል አንዲት ሰፊ ብሎን አለች። እሷን ስትፈታ አንዲት ሞላና አውራ ጣት የምታህል ፒስተን ይወርዱልሃል። የዘይቱን ግፊት የምትወስነው ያቺ ሞላ ነች፤ እሷ ከላላች ግፊቱም ይላላል። ከሞላዋ ግርጌ አንዲት ቀጭን የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ ጣልና መልሰህ እሰራት፤ ሞላዋ ትጠነክራለች፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ሁለት እንዳታደርግ። በሱሉልታ ብርድ ዘይቱ ሳይሞቅ ግፊቱ ከበዛ የዘይት ማቀዝቀዣዋን ያፈነዳብሃል። ክሪክ ደግሞ ብቻውን አይታመንም፣ ድንጋይ አስደግፍ። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ «የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ዲኖ ጎማው ላይ እንደተቀመጠ ሁሉም ቃል በቃል ትዝ አለው። ደነገጠ ማለት አይበቃም። ልጁ የሞተው ወንድሙ ግባ ባለው ቦታ ገብቶ፣ ፍታ ያለውን ሲፈታ ነው። ይህን ለከድሩ የሚነግር ምላስ ከየት ይመጣል?

በእኛ አገር ሞት በፈለገው ሰዓት ይመጣል፤ መርዶ ግን ሰዓት አለው። በማታ አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፣ ሰውየው ብቻውን ሆኖም አይነገርም። ጠዋት፣ ወገን ባለበት፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ ሳለ ነው የሚረዳው። እስከዚያው ድረስ አገር ሙሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ርኅራኄያችን እንዲህ ነው። ከጭካኔ የሚለይበት ቦታ አንዳንዴ አይታይም እንጂ ርኅራኄስ ርኅራኄ ነው።

ጀናዛው በማግስቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ እንደሚወጣ ከሱሉልታ ተነግሯል። ስለዚህ ከድሩን ምንም ሳያውቅ ከሰበታ አንስቶ፣ ከዙሁር በፊት አባቱ ደጅ ማድረስ ያስፈልጋል። ካልደረሰ ወንድሙን ሳይሸኝ መቅረቱ ነው፤ መንገድ ላይ ካወቀ ደግሞ መሪ የያዘ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች የዲኖን ሱቅ መዝጊያ ገርበብ አድርገው ብልሃት ለመፈለግ ተቀመጡ። አንዱ አባቱ ታመው ነው እንበለው አለ። ይህ አይሆንም፤ ከድሩ ወዲያው ለአክመል ይደውላል። ሌላው ሌላ አለ፣ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ ዲኖ አፉን ከፈተ። አክመል ብሎኗ አልፈታ አለችው፣ ስልኩም ዘይት ውስጥ ወድቆ ተበላሸበት፣ ነገ ከድሩን ይዛችሁልኝ ኑ ብሎ በሰው ስልክ ደወለ እንበለው፤ ከድሩ ቮልስ ከተባለ ከሕመም አልጋውም ይነሳል አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ቢቂላ «ጎሽ የኔ ልጅ» አሉትና አብረው ሊሄዱ ቃል ገቡ።

ሰው በሐዘን መሐል እንኳ ቢሆን ብልሃት ሲያገኝ ልቡ ይፈካል። ዲኖም ለአፍታ ደስ አለው። በኋላ ሲያስበው ከሁሉ የሚያሳፍረው ያ ደስታ ነው።

ለራቢአ የነገራት ቤት ገብቶ ነው። ከድሩ ከአጥሩ ወዲያ ባለው ቤቱ ተኝቶ ስለነበር ጩኸቷን ሻርፗን ነክሳ ዋጠችው። ሻርፑ ተቀደደ። ሳይነጋ ሴቶች መጥተው በሚኒባስ ወደ ሱሉልታ ወሰዷት፤ ስትወጣም የወንድሟን በር ላለማየት ፊቷን አዙራ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ዲኖና ኦቦ ቢቂላ የከድሩን በር አንኳኩ። ከድሩ ቱታውን እንደለበሰ፣ መፋቂያ በአፉ ይዞ ወጣ። ሽማግሌውን ሲያይ ቶሎ መፋቂያውን አወጣ። «አካም ቡልተን ኦቦ! ምነው በጠዋቱ?» አላቸው። ኦቦ ቢቂላ ሱሉልታ ለዘመድ ጉዳይ መሄዳቸው እንደሆነ ነገሩት። ዲኖ ደግሞ መሬት መሬት እያየ ውሸቱን ደረደረ።

ከድሩ ሰምቶ ሳቀ። ከሆዱ ነው የሳቀው። የአክመል እጅ ስልክ ሲነካካ የሚውል እጅ ነው፣ ያቺ ብሎን ደግሞ ወንድ ትፈልጋለች እያለ ሳቀ። «ዛሬ ፊቱ ላይ ነው በአንድ ዙር የምፈታለት» አለ። ዲኖ አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ ሳል ሆነ።

ዲኖ በእኔ ፒካፕ እንሂድ ቢለው ከድሩ አሻፈረኝ አለ፤ ቮልስ ለመጠገን በሌላ መኪና መሄድ እሷን መናቅ ነው። ነጯን አስነሳና ሞተሯ እስኪሞቅ ቆሞ ጠበቀ። ዲኖ በዚህ መሐል ባትሪዬ አልቋል ብሎ ስልኩን ተዋሰው፤ ጥግ ይዞ አጠፋውና ኪሱ ከተተው። ኦቦ ቢቂላ ከፊት፣ ዲኖ ከኋላ ተቀመጡ። ከኋላ መቀመጡ በጀው፤ ቢያንስ ፊቱን የሚያይበት የለም። መስታወቷን ረስቷት ነበር።

ዓለም ገና ሲደርሱ ከድሩ መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገና በቡራዩ ዞረን ነው የምንሄደው አለ። ዲኖ በድንጋጤ «ለምን?» ብሎ ጮኸ። ከድሩ በመስታወቷ አየው። አልፈታ ያለች ብሎን በተራ ካቻቢቴ ከታገሏት አፏ ይበላል፣ ከተበላች ደግሞ አለቀላት፤ ለእሷ ብሎ ያሠራት ሰፊ ምላስ ያላት ካቻቢቴ ቡራዩ ቶርኖ ቤት፣ ጌዲ ጋ ናት አለ። ዲኖ ውሸቱን ሲፈጥር አክመል ጎማ ፈነዳበት ማለት ይችል ነበር፣ ቤንዚን አለቀበት ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን አልፈታ ያለች ብሎን ፈጠረ፤ ያቺ ብሎን ደግሞ አሁን ከመንገድ ወደ መንገድ ትጎትታቸው ጀመር። ረፍዷልና ቶሎ ብንደርስ ቢለው ከድሩ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ መለሰለት።

ቡራዩ ሲደርሱ ቶርኖ ቤቱ ዝግ ነበር። ጠበቁ። ፀሐይዋ ወጥታ ቆርቆሮው ላይ አረፈች፣ ጌዲ አልመጣም። ዲኖ ወደ ሰማይ ያያል፣ ከድሩ ደግሞ በጫማው ጫፍ አፈሩ ላይ ሞላና ፒስተን እየሣለ ለኦቦ ቢቂላ ያስረዳል። አረንጓዴ ሲበራ ቁም የሚባልበት አንድ ቦታ ቢኖር የድሮ ቮልስ ውስጥ ነው፣ የዘይት መብራቷ አረንጓዴ ነችና አላቸው። ሽማግሌው «ዹጉማ? እውነት?» እያሉ ይሰማሉ። የኤንጂን ነገር አንዲት አይገባቸውም፤ ዓይናቸው ግን አፈሩ ላይ ከተሣለችው ብሎን አልተነሳም።

በመጨረሻ ጌዲ መጣ። ከወላይታ ወጣት ሆኖ መጥቶ ቡራዩ ላይ ያረጀ፣ ለሁሉ ሰው የሚያለቅስ የጸሎት ሰው ነው። ወሬ ከሰው ይቀድማል፤ ሰምቷል። ከድሩን ሲያይ ዓይኑ ሞላ፤ እጆቹን ዘርግቶ «ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽ...» ሲል ኦቦ ቢቂላ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ መሐል ገብተው አንገቱን አቀፉት። እድሜያቸውን ሙሉ አይተውት የማያውቁትን ሰው በኦሮምኛ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቶቹ ጠየቁት። ጌዲ ከብት የለውም። ጭንቅላቱ ሽማግሌው ትከሻ ላይ ተቀብሮ ሁሉንም ደህና ናቸው አለ። 

ጌዲ ካቻቢቴዋን አምጥቶ በጨርቅ ወለወላት። ደግሞ ወለወላት። ከዚያ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠው። ከድሩ አንድ ጊዜ ካቻቢቴዋን፣ አንድ ጊዜ ጌዲን አየ። መኪናው ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ከድሩ ብዙ አላወራም። በአስኮ፣ በዊንጌት አድርገው አዲሱ ገበያን ሲያልፉ የሱሉልታ ዳገት ጀመረ። ከፊታቸው የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል፣ መቅደሚያ የለም። ቮልሷ በሁለተኛ ማርሽ ተከተለችው። ዲኖ ወደ ፊት ሰገግ ብሎ አረንጓዴዋን መብራት ያይ ነበር። ጭነት መኪናው ቆም ባለ ቁጥር መብራቷ ብልጭ ትላለች፣ ሲነሳ ትጠፋለች። ዲኖ በሆዱ አላህን ለመነ። የዚያን ቀን ያህል ለአንድ ሞተር ጸልዮ አያውቅም፤ የራሱን ሸቀጥ ዋስትና ሰጥቶ ሲሸጥ እንኳ።

ዳገቱን ጨርሰው ባሕር ዛፎቹ ጋ ሲደርሱ መብራቷ በርታ ቀረች። ከድሩ ጥግ ይዞ አቆመ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ቆመ። ትንሽ ትብረድ አለ። ሙቀቱ ከሞተሩ እየወጣ ፊቱን ይገርፈዋል። ዲኖ ቶሎ እንሂድ እንዳይል ፈራ፣ ዝም እንዳይልም ፈራ። ፀሐይዋ ወደ አናት ተጠግታለች።

ከድሩ ጀርባውን እንደሰጠው ተናገረ። «ጌዲ ካቻቢቴ በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ። ጎንበስ ብሎ። ኦቦ ቢቂላ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቀልድ አልቀለዱም። አንተ ደግሞ ስልኬን አልመለስክልኝም።» ዞር አለ። ፊቱ ጸጥ ብሎ ነበር። «አባቴ ናቸው፣ አይደል?»

ዲኖ መልሱን በሆዱ መዘነ። አዎ ቢል በሕይወት ያለ ሽማግሌን መግደሉ ነው። አይደለም ቢል የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ ማነው?» የሚል ነው።  ኦቦ ቢቂላ ከመኪናዋ ወርደው የከድሩን ክንድ ያዙ። «ኦብሲ፣ ኢልማ ኮ» አሉት። «ታገሥ ልጄ። እንሂድ፣ ይረፍድብናል።»

ከድሩ ይህን እንደ አዎ ወሰደው። ማንስ ቢሆን እንዲያ አይወስደውም? «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለና የኮፈኑን ጠርዝ ይዞ አለቀሰ። ድምፅ አላወጣም። ዘይት በነካው ጨርቅ ፊቱን ጠረገ፣ ፊቱም ጠቆረ። ከዚያ ኮፈኑን ዘግቶ መሪውን ያዘ። ሞተሩ አልበረደም፣ መብራቷም በርታለች። «ትንደድ» አለ ከድሩ። እሱ ይህን ቃል ስለ ቮልስ ሲናገር የሰማ የለም።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከድሩ ራሱን ያጽናና ጀመር። አባቴ ጠግበው ኖረዋል፣ ሐጅ አድርገዋል፣ የልጅ ልጅ አይተዋል አለ። ይባስ ብሎ ዲኖን ያጽናናው ጀመር። አውቀሃል፣ ለእኔ ብለህ ነው ሌሊቱን ሙሉ የተጨነቅከው፣ አላህ ይስጥህ አለው። ያቺን የብሎን ወሬ መጀመሪያም አላመንኳትም፤ አክመል እኮ እጁ ወርቅ ነው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ አንዲት ብሎን አታቅተውም አለ። እንደገና ሳቅ ቢጤ አለ፣ እንባው እየወረደ።

«የሚያሳዝነኝ አክመል ነው» አለ። «እኔስ ጎልማሳ ነኝ። እሱ ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ከአባቴ አጠገብ ነበር። ከሦስቱ ቀን በኋላ ሰበታ እወስደዋለሁ። ጋራዡ ጋ ክፍል አለች፣ አልጋ አስገባለታለሁ። ብቻውን እዚህ ጭቃ ውስጥ አልተወውም።»

ዲኖ ከዚህ በላይ አልቻለም። «ከድሩ...» አለ። ኦቦ ቢቂላ ወደ ኋላ ሳይዞሩ እጃቸውን ሰደው ጉልበቱን ጨበጡት።  ደርሰናል፣ ግማሹን ሐዘን ተቀብሎታል፣ የቀረውን ወገኖቹ ይንገሩት ማለታቸው ነው። ዲኖ አፉን ዘጋ። ይህችን ዝምታ ዛሬም ድረስ ከውሸቱ ለይቶ አያያትም።

ድንኳኑ ከሩቅ ታየ። ከደጁ ፊት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ነጯን ቮልስ ሲያዩ ሁሉም ከግድግዳው ተላቀቁ። አረዳዱ ተዘጋጅቶ ነበር። ቀስ ብለው ወሬውን የሚጀምሩ ሼህ ተመርጠዋል፣ ሲወድቅ የሚይዙት ሁለት ጎረምሶች ተመድበዋል፣ ውሃ የያዘች ሴትም በሩ ጋ ቆማለች። ሁሉ ነገር እንደ ደንቡ ነው። ያላሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባትየውን ቤት ውስጥ አላስቀመጧቸውም።

ሐጂ ሐምዱ የመኪናዋን ድምፅ ሰምተው ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ወጥተው ነበር።

ከድሩ ፍሬን ያዘ። ሞተሯ ተንገጫገጨችና ጠፋች። ዲኖ ከኋላ ሆኖ በዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ የከድሩን ፊት አየ። ፊቱ በራ። ጥቁር ዘይትና እንባ በተለቀለቀው ፊት ላይ ጥርሱ ታየ፣ ዓይኑ ታየ፣ በሕይወቱ እንዲህ የተደሰተ ሰው ዲኖ አይቶ አያውቅም። ዲኖ እዚያችው መቀመጫ ላይ መሞትን ተመኘ።

ከድሩ በሩን ከፍቶ ሮጠ። «አባ! አሉ? አሉ እንዴ አባ?» አባቱን ከነምርኩዛቸው ብድግ አደረጋቸው። ይስቃል። ትከሻቸውን ይስማል፣ ደግሞ ይስቃል። ወደ ዲኖ ዞሮ «ገደላችሁኝ እኮ!» አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ሼሁ ያዘጋጁትን ንግግር ትተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ውሃ የያዘችው ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለሐዘን የሚሆን ደንብ አለን፤ ለእንዲህ ያለ ደስታ የሚሆን ግን ማንም አላስተማረንም።

ሳቁ በአንድ ጊዜ አልቆመም። መጀመሪያ ድንኳኑን አየ። ከዚያ ከበሩ ፊት የተደረደረውን ጫማ አየ። ከዚያ ሰዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ፊት በፊት፣ አንድ ሰው እንደሚፈልግ አያቸው። ራቢአ ከሴቶቹ መሐል የተቀደደ ሻርፗን ጠቅልላ ቆማለች፤ እሷንም አየ፣ አለፋት። እጁ ከአባቱ ትከሻ ሳይነሳ ጠየቀ።

«አክመልስ?»

 የመለሱት ሐጂ ሐምዱ ናቸው። አረዳዱም፣ ደንቡም፣ የተመረጡት ሼህም ለእሳቸው ምንም አልነበሩም። ከጋቢያቸው ሥር የያዙትን ጭብጥ አውጥተው የልጃቸውን መዳፍ ፈለጉና ውስጡ አስቀመጡ። ብሎኗ ነበረች፣ ከነሞላዋ። ዘይቷ አፈር ይዞ ደርቋል። አክመልን ከመኪናዋ ሥር ሲያወጡት በእጁ ጨብጧት እንደነበር፣ ጣቶቹን አላቀው የወሰዷትም እሳቸው መሆናቸውን ነገሩት። ከዚያ ማጽናኛ መስሏቸው አንድ ነገር ጨመሩ።

«እንዳልከው ነው ያደረገው፣ ልጄ። ድንጋዩንም አስደግፎ ነበር። መሬቱ ነው አብሮ የዋጠው።»

ከድሩ መዳፉን ወደ ዓይኑ አቀረበ። ሞላዋን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ግርጌዋን አየ። ሮንዴላዋ በቦታዋ ነበረች። አንድ ብቻ። በትክክል ገብታለች፤ የቀረው ብሎኗን መልሶ ማሰር ነበር።  ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ዲኖን አገኘው። አልጮኸም። ያልገባውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነበር ድምፁ።

«አልፈታ አለችው አላልከኝም?»

 ሰፊ ምላስ ያላት ካቻቢቴ በዲኖ እጅ ነበረች፤ መቼ ከመቀመጫው እንዳነሳት አያውቅም። ጎረምሶቹ ዘግይተው ደረሱና ከድሩን ሲወድቅ ያዙት።

ጀናዛው ከዙሁር በኋላ ወጣ። ከድሩ ሶላቱን ሰገደ፣ ቃሬዛውን ተሸከመ፣ ጉድጓዱ ዳር ቆመ። ዲኖ ከጎኑ አልራቀም፤ ከድሩም አላባረረው፣ አላየውምም። ከድሩ ተራው ደርሶ አፈር ሲመልስ ያንን እርጥብ ጥቁር አፈር የዘገነው በግራ እጁ ነው። ሼሁ በቀኝህ ሊሉት ነበር፤ ቀኝ እጁን ሲያዩ ግን ተዉት። እጁ ብሎኗን ጨብጦ አልከፈትም ብሏል።